«ስንት ነው?» ሲሏችሁ

በየአጥቢያው የሚዲያ አገልግሎት ውስጥ ካሜራ መያዝ የተማራችሁ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። እሑድ ጠዋት ከሁሉ ቀድማችሁ ገብታችሁ ገመድ ትዘረጋላችሁ፤ ከሁሉ በኋላ ቆይታችሁ ትጠቀልላላችሁ። ከመካከላችሁ ይህን ሙያ እንጀራው ያደረገው ጥቂት አይደለም። እንግዲህ አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ድርጅት የማርኬቲንግ ክፍል ስልክ ይደወላል። «ያንን ቪዲዮ አየነው፤ ለማስታወቂያ እንፈልገዋለን። ስንት ነው?» ይላል ደዋዩ።

አጭር ጥያቄ ናት፤ ግን ብዙዎችን ታስጨንቃለች። አንዱ ይፈራና «እናንተ ያላችሁትን» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ደዋዩ ከባንክ መሆኑን ሲሰማ በልቡ ይዞት የነበረውን ዋጋ ወዲያው በአሥር ያባዛል። ሦስተኛው ደግሞ ስለ ገንዘብ መደራደር መንፈሳዊነቱን የሚቀንስበት ይመስለውና ዝም ይላል፤ ከዚያ በተሰጠው ገንዘብ ለወራት ሲያጉረመርም ይኖራል። ሦስቱም አንድ ጥያቄ ዘለዋል። ትክክለኛ ዋጋ የሚባል ነገር አለ? ካለስ ክርስቲያን የሆነ ሰው በምን ያውቀዋል?

እኔ የምለው ይህ ነው፦ «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «የምሸጠው ምኑን ነው?» ከሚለው በፊት ሊመለስ አይችልም። የምንሸጠውን ነገር በግልጽ መናገር ደግሞ የንግድ ብልሃት ብቻ ሳይሆን የእውነተኝነት ጉዳይ ነው።

የምትሸጡት ምኑን ነው?

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት እህት እናስብ። በኅዳር ወር በራሷ ወጪ ወደ ይርጋ ጨፌ ትወርዳለች። ሦስት ቀን አድራ፣ ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ ቡና የሚለቅሙ እናቶችን ትቀርጻለች። ጭጋጉ ከዛፉ ላይ ሲነሳ፣ ቀይ ፍሬው ከቅርጫት ወደ ጆንያ ሲገለበጥ የሚያሳይ ውብ ቀረጻ ይዛ ትመለሳለች። ከወራት በኋላ አንድ ባንክ ከዚያ ውስጥ 20 ሰከንዱን ለማስታወቂያ ይፈልገዋል።

እዚያው የተለቀመው ቡና አንድ ጊዜ ተሸጠ ማለት ተሸጠ ማለት ነው። ጆንያው ከነጋዴው መኪና ላይ ከተጫነ ገበሬው ያንኑ ቡና ለሌላ አይሸጥም። ቀረጻው ግን እንዲህ አይደለም። እህታችን ለባንኩ ከሰጠች በኋላም በሃርድ ዲስኳ ላይ እንዳለ ነው። ነገ ለቡና ላኪ፣ ከነገ ወዲያ ለዘጋቢ ፊልም ልትሰጠው ትችላለች። ስለዚህ ባንኩ የሚገዛው ምስሉን ራሱን አይደለም፤ በምስሉ የመጠቀም ፈቃድ ነው።

ፈቃድ ደግሞ ወሰን አለው። የት ይታያል? በድርጅቱ የስብሰባ አዳራሽ ብቻ ነው፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ነው፣ ወይስ በቴሌቪዥን? ለስንት ጊዜ? ለአንድ ዘመቻ ነው፣ ለዓመት ነው፣ ወይስ ለዘለዓለም? ለብቻቸው ነው ወይስ ሌሎችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ? ቆርጠው፣ ቀለሙን ለውጠው፣ ሌላ ድምፅ አልብሰው ሊያወጡት ይችላሉ? ጥሬው ቀረጻ ሁሉ ይሰጣቸዋል ወይስ የተመረጠው ብቻ? የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ዋጋውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። በአዲስ አበባ «ቤቱ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ለሽያጭ ነው ለኪራይ?» ብሎ የማይጠይቅ ደላላ የለም። ለቪዲዮ ዋጋ ስንጠራ ግን ብዙዎቻችን ይህችን ጥያቄ እንረሳታለን፤ የአንድ ወር ኪራይ ተቀብለን የቤቱን ካርታ አሳልፈን እንሰጣለን።

የአገራችንም ሕግ ስለዚህ ይናገራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል፤ አንዱ ኢኮኖሚያዊ፣ ሌላው የሞራል መብት ነው። ኢኮኖሚያዊውን መብት ማስተላለፍ ወይም ለሌላ መፍቀድ የሚቻለው በጽሑፍ ነው። ነገር ግን ወጣቶች ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ባለቤት የሚሆነው አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። እንግዲህ እህታችን በራሷ ተነሳሽነት የቀረጸችው የእርሷ ነው። ባንኩ «ሂጂና ቅረጺልን» ብሎ ልኳት ቢሆን ኖሮ ግን ውሉ ላይ የተለየ ነገር ካልተጻፈ በቀር የባንኩ ይሆን ነበር። በቀረጻው ውስጥ ያለው ጭጋግና ቡና አንድ ነው፤ ባለቤቱ ግን እንደ ስምምነቱ ይለያያል።

መሬት ሳይሆን መከር

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ የንግድ ዘዴ ነው እንጂ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የአጠቃቀም ፈቃድን ነገር ከማንም በተሻለ ያስረዳኝ ዘሌዋውያን 25 ነው።

በዚያ ምዕራፍ እግዚአብሔር ለእስራኤል የመሬት ሽያጭ ሕግ ይሰጣል። በየሃምሳው ዓመት፣ በኢዮቤልዩ፣ መሬት ወደ ቀድሞ ባለርስቱ ይመለሳል። ታዲያ በመካከሉ «መሬቴን ሸጥኩ» የሚል ሰው የሸጠው ምኑን ነው? ቁጥር 15 እና 16 መልሱን ግልጽ ያደርጉታል። ሻጩ የሸጠው እስከ ኢዮቤልዩ ድረስ የሚሰበሰበውን መከር ነው። ስለዚህ ብዙ ዓመት ከቀረ ዋጋው ይጨምራል፤ ጥቂት ዓመት ከቀረ ይቀንሳል። ይህን ዋጋ የሚተምነው ሕግ በፊትና በኋላ በአንድ ማስጠንቀቂያ ታጥሯል፦ አንዱ ሌላውን አያታልል።

ነገሩን በደንብ እዩት። ዋጋው የተሰላው ገዢው በሚያገኘው ጥቅም ልክ ነው። ሻጩ «አባቴ ስንት ደክሞበታል» ብሎ አልተመነም፤ ገዢውም «አፈሩ እንደሆነ ያው አፈር ነው» አላለም። ስንት መከር ታነሣለህ? እንደዚያው ትከፍላለህ። የገጠር ልጅ የሆናችሁ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። መሬት በኮንትራት ሲሰጥ ለስንት ዓመት እንደሆነ ሳይነጋገር ዋጋ የሚቆርጥ ገበሬ አላየሁም።

ለእህታችን ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ዋጋዋን ስትጠራ የራሷን ትልቅነት ወይም ትንሽነት መመዘን አይጠበቅባትም። «እኔ ማን ነኝና ይህን ያህል እጠይቃለሁ?» የሚለው ጭንቀትም ሆነ «እኔን የመሰለ ባለሙያ!» የሚለው ትዕቢት ከሒሳቡ ይወጣሉ። የሚቆጠረው መከሩ ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ እንናገርና፣ ለሦስት ወር በማኅበራዊ ሚዲያ የሚታይ 20 ሰከንድ 15,000 ብር ብላ ብትተምን፣ ያው 20 ሰከንድ ለአንድ ዓመት በቴሌቪዥንም የሚታይ ከሆነ ብዙ እጥፍ መጠየቋ ስግብግብነት አይደለም። ባንኩ የሚያነሣው መከር በዝቷልና። ለብቻችን ይሁን ካሉ ደግሞ ለሌላ ሰጥታ ልታገኘው የምትችለውን ሁሉ ዘግተውባታል፤ ያንን መክፈላቸው ተገቢ ነው።

ሁለት ሚዛን የሚሆነው መቼ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይመጣል፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። ዘዳግም 25 በከረጢት ውስጥ ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን አጥብቆ ይከለክላል። እህታችን ያንኑ 20 ሰከንድ ለአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት በትንሽ ብር፣ ለባንኩ በብዙ ብር ብትሰጥ ሁለት ሚዛን መያዟ አይደለምን?

መልሱ ልዩነቱ ከየት መጣ በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል። ሚዛን ማለት መለኪያው ነው። ሁለት ኪሎና አሥር ኪሎ የተለያየ ዋጋ ቢኖራቸው ሚዛኑ ሁለት አልሆነም። ትምህርት ቤቱ ለአንድ የወላጆች ቀን ተጠቀመበት፤ ባንኩ ለዓመት በአገር ሁሉ አሳየው። የተለካው ነገር ይለያል፤ መለኪያው ግን አንድ ነው።

ሁለት ሚዛን የሚሆነው ግን እንዲህ ሲሆን ነው። ባንኩም ለሠራተኞቹ የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ ልጠቀምበት ቢል፣ ማለትም መከሩ ከትምህርት ቤቱ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ስለከበደ ብቻ አሥር እጥፍ ብትጠይቅ ያኔ የመዘነችው ጥቅሙን ሳይሆን የሰውየውን ኪስ ነው። ባለጠጋን ማታለል ድሃን ከማታለል ያነሰ ኃጢአት መስሎ ሊታየን ይችላል። ሕጉ ግን «ለድሃ ትክክለኛ ሚዛን ይኑርህ» ብሎ አላበቃም፤ ሚዛኑን ለሁሉ አንድ አደረገው።

«ትምህርት ቤቱ ድሃ ስለሆነ ብቀንስለትስ?» ብትሉኝ፣ ቀንሱለት፤ በነጻም ስጡት። ነገር ግን ስጦታውን ስጦታ ብላችሁ ጥሩት። በፕሮፎርማው ላይ ትክክለኛውን ዋጋ ጻፉ፤ ከሥሩ የቀነሳችሁትን ጻፉ። ያኔ ተቀባዩ የተቀበለውን ያውቃል፤ እናንተም ለሌላው ደንበኛ ዋጋችሁን ስትነግሩ ፊታችሁ አይቀላም። ምሕረት ሚዛኑን ሳያዛባ የሚሰጠው እንዲህ ነው።

ስለ ውድና ስለ ርካሽ

ስለ ዋጋ የተጨነቅነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ማርቲን ሉተር በ1524 እ.ኤ.አ. ስለ ንግድና ስለ አራጣ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ነጋዴዎች «ዕቃዬን በቻልኩት መጠን አስወድጄ ልሽጥ» የሚለውን መርሕ እንደ መብት መያዛቸውን በብርቱ ይነቅፋል። መሸጥ ለባልንጀራ የሚደረግ ሥራ ነውና ራሱን የቻለ ያለ ወሰን ኃይል ሊሆን አይገባም ይላል። ሆኖም ነጋዴ በባዶ ይሥራ አላለም። ወጪውን፣ ድካሙን፣ የገባበትን አደጋ ቆጥሮ ተገቢውን ትርፍ ማግኘት ይችላል። ድካሙ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ ከተቸገረም፣ የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ አንድ የቀን ሠራተኛ ለዚያ ያህል ጊዜ ከሚያገኘው ጋር እንዲያስተያይ ይመክራል።

የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ ደግሞ በ18ኛው መቶ ዘመን ስለ ገንዘብ አጠቃቀም በሰበከው ስብከት ወደ ሌላኛው ጎን ያመለክተናል። ብዙዎች የሚያስታውሱት ገንዘብ አግኙ፣ ቆጥቡ፣ ስጡ ማለቱን ነው። በዚያው ስብከት ውስጥ ግን ብዙም የማይወራ ነገር አለ፦ ባልንጀራውን የሚወድ ሰው የሌላውን ንግድ ለመጣል ብሎ ከገበያ ዋጋ በታች አይሸጥም። እኛ ርካሽ መሸጥን ሁልጊዜ እንደ ትሕትና እናየዋለን። ዌስሊ ግን የሚጎዳ ሰው እንዳለ አየ።

ማን ነው የሚጎዳው? እህታችን «ስሜ ይታወቅልኝ እንጂ ገንዘቡ ግድ የለም» ብላ ለባንኩ በነጻ ብትሰጥ፣ በሚቀጥለው ወር ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወንድም እዚያው ቢሮ ዋጋ ይዞ ሲቀርብ «ሌሎች በነጻ ይሰጡናል» ይባላል። ለባንኩ ያደረገችው ልግስና ከዚያ ወንድም ልጆች ማዕድ ላይ የተነሣ ሆነ። ለማይቸገር ድርጅት የሚሰጥ ነጻ አገልግሎት ብዙ ጊዜ ከፋዩ ሌላ ሰው ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣ፣ በእኛ ቤት ብቻ የሚታወቅ ፈተና አለ። የአንድ ድርጅት ኃላፊ የሆነ፣ በቤተ ክርስቲያንም የምናከብረው ጋሼ ይመጣና «አንተ የቤት ልጅ አይደለህም እንዴ? በመካከላችን ገንዘብ ምን ያደርጋል? ጌታ ይባርክህ» ይላል። አገልግሎትና ሥራ የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው። ለጌታ ቤት በነጻ መቅረጽ መባ ነው፤ ሰጪው ወዶ ይሰጠዋል። ለአክሲዮን ማኅበር ማስታወቂያ መቅረጽ ግን ሥራ ነው፤ ኢየሱስም ሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው ተናግሯል፤ ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። «ጌታ ይባርክህ» ምርቃት ነው፤ የክፍያ ዓይነት አይደለም። ይህን ለታላቅ መናገር ይከብዳል። በአክብሮት ይነገር፤ ግን ይነገር፦ «ጋሼ፣ ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደስ እያለኝ በነጻ እሠራለሁ። ይህ የድርጅቱ ስለሆነ ፕሮፎርማ ልላክልዎ።»

ገዢ የምትሆኑም አላችሁና ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ከእናንተ አንዳንዱ ነገ በዚያው ባንክ ግዢ ክፍል ወይም ማርኬቲንግ ክፍል ይቀመጣል። ምሳሌ 20፥14 የሚገዛበትን ዕቃ እያጣጣለ ከሄደ በኋላ ግን የሚመካውን ሰው ይሥላል። «ይህማ በስልክም ይቀረጻል» ብላችሁ አጣጥላችሁ ገዝታችሁ፣ ለአለቃችሁ «ወርቅ የሆነ ቀረጻ በርካሽ አገኘሁ» ካላችሁ ያ ጥቅስ ስለ እናንተ ነው። ሐሰተኛ ሚዛን በሻጭ እጅ ብቻ አይገኝም።

በቃል ያለ ይረሳል

በአሜሪካ በ1985 እ.ኤ.አ. የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዋሽንግተን ቤት አልባ ሰዎችን የሚረዳ አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ለገና በዓል የሚታይ ሐውልት አሰበ። ዮሴፍንና ማርያምን ከሕፃኑ ጋር የሚያስታውስ፣ ነገር ግን በዘመናችን መንገድ ላይ የወደቁ ጥቁር ቤተሰብን የሚያሳይ ነበር። ጄምስ ኧርል ሪድ የተባለ ቀራጺ ሐሳቡን ወደደውና ለድካሙ ምንም ሳይጠይቅ፣ ለዕቃና ለረዳቶች የሚወጣውን ብቻ ተቀብሎ ሠራው። ወጪውም ከ15,000 ዶላር ያልበለጠ እንዲሆን ተስማሙ። ሐውልቱ በገና ዋዜማ ደረሰ።

ከጊዜ በኋላ ማኅበሩ ሐውልቱን በተለያዩ ከተሞች ሊያዞረው ፈለገ። ቀራጺው የተሠራበት ነገር ጉዞውን አይችልም ብሎ ተቃወመ። በጎ ለማድረግ የተነሡት ሁለቱ ወገኖች ለካ የቅጂው መብት የማን እንደሆነ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም፤ የተፈረመ ወረቀትም አልነበራቸውም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1989 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ ሪድ የማኅበሩ ተቀጣሪ ስላልነበረ ሥራው እንደ ቅጥር ሥራ አይቆጠርም ብሎ ወሰነ፤ በጋራ የሠሩት ነው ወይ የሚለውን ደግሞ የታችኛው ፍርድ ቤት እንዲያየው መለሰው። ልብ በሉ፤ የእኛ አገር አዋጅ መነሻ ከዚህ ይለያል፤ በትእዛዝ የተሠራውን ለአዛዡ ያደላል። ትምህርቱ ግን ለሁለቱም አገር ይሆናል። የገናን ቤተሰብ የሚያሳየው ሐውልት ወዳጆችን ያካሰሰው አንዱ ወገን ክፉ ስለነበረ አይደለም። ሁለቱም በጎ ልብ ካለ ወረቀት አያስፈልግም ብለው ስለገመቱ ነው።

እኛም ብዙ ጊዜ ውል መጠየቅን እንደ አለመታመን እንቆጥረዋለን። «አታምኑኝም ወይ?» መባሉን እንፈራለን። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን እምነት የነበራቸው ሰዎች ጥርት ያለ ውል ያደርጋሉ። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በተከበበችበት ጊዜ ከአጎቱ ልጅ መሬት ሲገዛ 17 ሰቅል ብር መዘነ፤ የውሉን ወረቀት ፈርሞ አተመ፤ ምስክሮች አቆመ፤ የታተመውንና ያልታተመውን ቅጂ በሸክላ ዕቃ እንዲያስቀምጡለት ሰጠ። ያ ወረቀት የተስፋው ምልክት እንጂ የጥርጣሬው አልነበረም። አብርሃምም ሣራን ለመቅበር የመክፌላን ዋሻ ሲጠይቅ ኤፍሮን መጀመሪያ «ውሰደው፣ ሰጥቼሃለሁ» አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ በመካከላችን ምን አላት በሚል አነጋገር 400 ሰቅል ጠራ። ይህን ይሉኝታ እኛ ኢትዮጵያውያን ጠንቅቀን እናውቀዋለን። አብርሃም በይሉኝታው አልተሸፈነም፤ በሕዝብ ፊት፣ በነጋዴዎች መመዘኛ መዝኖ ከፈለ። ከዚያ በኋላ የመሬቱ ወሰን እስከ ዛፎቹ ተዘርዝሮ ጸና።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ነው። ውላችሁ ረጅም መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ቀረጻ እንደሆነ፣ የት እንደሚታይ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ለብቻቸው መሆን አለመሆኑን፣ ስንት ቀብድ እንደሚከፈልና ቀሪው መቼ እንደሚከፈል፣ ከጊዜው በኋላ ሊጠቀሙበት ቢፈልጉ ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። ጊዜው ሲያልቅ የሚሆነውን ዛሬ መጻፍ ነገ ከመካሰስ ያድናል።

በምስሉ ውስጥ ያለችው እናት

እስካሁን ስለ ሁለት ሰዎች ተነጋገርን፤ ስለ ሻጯና ስለ ገዢው። በ20 ሰከንዱ ውስጥ ግን ሦስተኛ ሰው አለች። ቡና የምትለቅመው እናት።

እህታችን ስትቀርጻት ፈገግ ብላ ነበር፤ «ቅረጪኝ» ብላም ይሆናል። ነገር ግን ፈገግ ያለችው ለአንዲት እንግዳ ልጅ ነው እንጂ ለባንክ ማስታወቂያ አይደለም። ማስታወቂያው ሲሠራ በፊቷ ላይ «ከእኛ ተበድራ ሕይወቷን ለወጠች» የሚል ድምፅ ቢነበብስ? አንድም ሳንቲም ያልተበደረች ሴት በማታውቀው ነገር ምስክር ሆና ቆመች ማለት ነው። ሕጉም ይህን ያያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በአደባባይ የሚደረጉ ሁነቶችን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ በእርሻዋ ውስጥ ያለችን እናት ለማስታወቂያ መሸጥ በዚያ ቀዳዳ ይሾልካል ብሎ መተማመን አይገባም።

ደግሞም ቀዳዳ መፈለግ የክርስቲያን መነሻ አይደለም። ጥያቄው «ልትከሰኝ ትችላለች ወይ?» አይደለም፤ ይርጋ ጨፌ ያለች እናት አዲስ አበባ የሚታይ ማስታወቂያ ላታየው ትችላለችና አትከስም። ጥያቄው ራሷ በዚያች እናት ቦታ ብትሆን ምን እንዲደረግላት ትፈልግ ነበር የሚለው ነው። ስለዚህ እህታችን ዋጋ ከመጥራቷ በፊት ተመልሳ መደወል፣ ካስፈለገም ተመልሳ መውረድ አለባት፤ ምስሉ ለምን እንደሚውል በሚገባት ቋንቋ አስረድታ ፈቃዷን መጠየቅ አለባት። «አይሆንም» ካለች ሌላ ቀረጻ ይፈለግ።

«እሺ» ካለችስ? እኔ በዚህ አንድ እርምጃ እጨምራለሁ፤ የማትስማሙ እንደምትኖሩም አውቃለሁ። ዘሌዋውያን 19 ባለ እርሻው የእርሻውን ዳር ጨርሶ እንዳያጭድ ያዝዛል፤ ዳሩ ለድሃና ለመጻተኛ ነው። እርሻው የእርሱ ነው፣ የደከመውም እርሱ ነው፤ ሆኖም መከሩ ሁሉ የእርሱ አይደለም። እንግዲህ የቀረጻው መከር ሁሉ የባለካሜራዋ ነው ማለት ይቻላል? ያ ፊት፣ ያ እጅ፣ የዓመታት ልፋት የቀረጸው ያ የእጅ እንቅስቃሴ ባይኖር ባንኩ አይደውልም ነበር። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ ከትራንስፖርቱና ከኤዲቲንጉ ቀጥሎ «ለተቀረጸችው» የምትል አንዲት መስመር ትግባ። ብዙዎች «ሙያው የኔ ነው፤ እርሷ የሠራችው የዘወትር ሥራዋን ነው» ይላሉ። አባባሉ ክብደት አለው፤ ስንት ይሁን የሚለውም ቀላል አይደለም። ግን ያቺን መስመር ባዶ የሚተው ሰው እርሻውን እስከ ዳሩ አጨደው ብዬ እፈራለሁ።

የእናንተ ያልሆነው

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ነገር በአጭሩ ልንካ። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ቀረጻ ነው። ለዓመታት የቀረጻችሁት አምልኮ በእጃችሁ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ይኖራል። ካሜራው የጉባኤው ነው፤ መዝሙሩ የዘማሪው ነው፤ እንባው የአምላኪው ነው። አንድ ድርጅት ለበዓል ማስታወቂያ ቢጠይቃችሁ፣ ቁልፉን የያዛችሁ ስለሆናችሁ ብቻ ባለቤት አይደላችሁም። ወደ ሽማግሌዎች ውሰዱት።

ሁለተኛው ደረሰኝ ነው። ድርጅት ሲከፍል የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ይጠይቃል። ብዙ ወጣት በዚህ ጊዜ ከወዳጁ ደረሰኝ ይዋሳል። ያ ወረቀት ያልሠራ ሰው እንደ ሠራ ይመሰክራል። ሚዛኑን አስተካክላችሁ፣ የእናትየዋን ድርሻ አስባችሁ፣ በመጨረሻ በሐሰት ወረቀት ብትቀበሉት ምን ይረባል? ፈቃድ ማውጣት ያደክማል፤ ግን ከዋጋው ውስጥ የሚቆጠር ወጪ ነው። ቁጠሩትና አስከፍሉት።

ስንት ነው እንግዲህ?

ቁጥር እንድነግራችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አልነገርኳችሁም። ለአንድ ወጥ ገበያ ለሌለው ነገር፣ በተለይ ለብቻ ለሚሰጥ ፈቃድ፣ አንድ ትክክለኛ ቁጥር ያለ አይመስለኝም። አንድ ክልል ግን አለ፤ ከላይ በባልንጀራችን ጥቅም፣ ከታች በወጪያችንና በሙያ ወንድሞቻችን እንጀራ የታጠረ። በዚያ ክልል ውስጥ የምትጠሩት ዋጋ እውነተኛ መሆኑን የምታውቁበት አንድ መንገድ ልንገራችሁ። ያንን ዋጋ እንዴት እንደደረሳችሁበት ለገዢው፣ ለሙያ ጓደኛችሁና ለዚያች ቡና ለቃሚ እናት፣ ሦስቱም በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሳሉ ማስረዳት ትችላላችሁ? ከሦስቱ አንዱ እንዳይሰማ ድምፃችሁን ዝቅ ማድረግ ካስፈለጋችሁ ስሌቱን እንደገና ጀምሩ።

ዘሌዋውያን 25 ስለ መሬት የሚናገረውን ሁሉ የሚያስርበት ቁጥር 23 ነው። መሬት ለዘለዓለም የማይሸጠው የእግዚአብሔር ስለሆነ ነው፤ ሕዝቡም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ናቸው። ጭጋጉን ያነሣው ፀሐይ የማን ነው? የእህታችን ዓይንና ያንን ብርሃን የማየት ስጦታዋስ? እኛ ሁላችን ወሰን ባለው ጊዜ፣ ለተወሰነ ጥቅም፣ በሌላ ባለቤት ፈቃድ የምንኖር ነን። ይህን የሚያውቅ ሰው የራሱን አሳንሶ በፍርሃት አይጥልም፤ የሌላውንም በስስት አይጠቀልልም። ስልኩ ሲደወልና «ስንት ነው?» ስትባሉ፣ መጀመሪያ «ለምን፣ የትና እስከ መቼ ትፈልጉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ እስክሪብቶ አንሡና ቁጠሩ።